ባለ ንግዱና የኮምፒዩተር መጀመሪያ ትምህርት

በ1943 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአዲስ አበባ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት የሒሳብ መዝገብ አያያዝንና የጽሕፈት መኪናን ሥራ ለወጣቶች ሲያስተምር በነበረበት ዘመን፣ ባለ ንግዱ ራሱ መኪናውን መምታት ባያውቅ የሚደርስበት ጉዳት እምብዛም አልነበረም። ጸሓፊው ያዘጋጀውን ደብዳቤ አንብቦ ከፈረመ በኋላ ማኅተሙን በገዛ እጁ ያሳርፍበት ነበርና። ዛሬ ግን ፊርማውም ማኅተሙም የይለፍ ቃል ሆነዋል፤ የይለፍ ቃሉን ለሌላ ሰው ትቶ የሚሄድ ነጋዴም ማኅተሙን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ እንደ ሄደ ይቈጠራል።

ከጥር 2012 ዓ.ም. ወዲህ የአስመጪና የላኪ ፈቃድ በኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት መጠየቅ ተጀምሯል፤ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህም ገዢው የባለ ሱቁን ሒሳብ በቴሌብር መክፈል ጀምሯል። ስለዚህ ኮሌጆች ለጀማሪዎች የሚሰጡት የኮምፒዩተር መግቢያ ትምህርት ለሠራተኛው ብቻ ሳይሆን ለባለ ንግዱ ለራሱም የሚያስፈልግ መሆኑን ለማስረዳት እንወዳለን።

ትምህርቱ በአብዛኛው ደብዳቤ መጻፍን፣ ሰነድ አደራጅቶ ማስቀመጥን፣ በሠንጠረዥ ማስላትን፣ በኢሜል መጻጻፍንና ምስጢር መጠበቅን ይይዛል። ከነዚህ ሁሉ ለነጋዴ የሚቀርበው ሠንጠረዡ ነው። የሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ተማሪ የነበረው ዳን ብሪክሊን፣ አንድ አኃዝ በተለወጠ ጊዜ ሁሉ ድምሩን እንደ ገና መሥራት የሚያስከትለውን ድካም አይቶ፣ ከቦብ ፍራንክስተን ጋር ቪዚካልክ የተባለውን ፕሮግራም ሠራ፤ በ1979 እ.ኤ.አ.ም ለገበያ ቀረበ። የዛሬው ኤክሴል የሚሠራው በዚሁ ስልት ነው።

ነገር ግን ሠንጠረዡ የሚሠራው የተሰጠውን ብቻ ነው። ለምሳሌ ሦስት ደረሰኞች 40,000፣ 25,000 እና 12,500 ብር ቢሆኑና ጸሓፊው በመጨረሻው ሣጥን ውስጥ ከአኃዙ ጋር «ብር» የሚል ቃል ቢጽፍ፣ ኤክሴል ያንን እንደ ጽሑፍ ቈጥሮ ከድምሩ ያስቀረዋል። ድምሩ 77,500 መሆኑ ቀርቶ 65,000 ይሆናል፤ ኮምፒዩተሩም ስሕተት አለ ብሎ አያስጠነቅቅም። የተማረ ሰው ምክንያቱን ባንድ አፍታ ያገኘዋል፤ ያልተማረ ግን 12,500 ብሩ የት እንደ ገባ ሲፈልግ ይከርማል፣ አለዚያም ታማኝ ሠራተኛውን ያለ ጥፋቱ ይጠረጥራል።

ከዚህም የሚከፋው በኢሜል የሚመጣው ተንኰል ነው። አታላዩ የውጭ አገር ደንበኛን ስም አስመስሎ፣ ወይም የደንበኛውን የኢሜል ሣጥን ሰብሮ ገብቶ፣ የባንክ ሒሳባችን ተለውጧልና ገንዘቡን በአዲሱ ቍጥር ላኩልን ሲል ይጽፋል። ለአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ በ2023 እ.ኤ.አ. ብቻ በዚህ ዐይነት ማታለል የጠፋ ከ2.9 ቢሊዮን ዶላር በላይ ገንዘብ ተመልክቷል። መከላከያው ቀላል ነው፤ የላኪውን አድራሻ ፊደል በፊደል ማንበብ፣ ከዚያም በደብዳቤው ላይ በተጻፈው ሳይሆን ቀድሞ በሚታወቀው የስልክ ቍጥር ደውሎ ማረጋገጥ ነው።

ለመመዝገብ የሚያስብ ነጋዴ፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ኮምፒዩተር መኖሩን፣ የተግባሩም ሰዓት በቂ መሆኑን አስቀድሞ ይጠይቅ። የሒሳብ ቅጂ አያያዝም ከትምህርቱ ውስጥ መኖሩን ይመልከት፤ የታወቀው ደንብ ሦስት ቅጂዎች፣ በሁለት ዐይነት ማስቀመጫ፣ አንዱም ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ እንዲሆኑ ነው።

ዕድሜዬ አልፏልና ይህ ለልጆች ይቅር የሚል ነጋዴ ቢኖር፣ በሱቁ ውስጥ ሚዛን ማንበብን ለሌላ ሰው ትቶ ያውቅ እንደ ሆነ ራሱን ይጠይቅ።