በነፃ የተገኘ ሁሉ ክፍት አይደለም

ሜክሲኮ አደባባይ አቅራቢያ፣ ሰንጋ ተራ የሚታወቀው የንግድ ትምህርት ቤት ኮሜርስ በ1935 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ብዙ የሒሳብ ባለሙያ አፍርቷል። ዛሬ የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ውድ የውጭ መጽሐፍ አይገዛም፤ ወይ ኮፒ ቤት ያስባዛል፣ ወይ በቴሌግራም የደረሰውን ፒዲኤፍ ስልኩ ላይ ያነባል። ዋጋው ቀልሏል፤ የይዘቱ ችግር፣ ለሌላ አገር የተጻፈ መሆኑ፣ ግን እንዳለ ነው።

በቴሌግራም የሚዞረው መጽሐፍ በአብዛኛው መብቱ የተጠበቀ ነው። መምህሩ ምዕራፍ ቀይሮ፣ ምሳሌ ተክቶ በይፋ ሊያሠራጨው አይችልም። ክፍት የሚባለው የትምህርት ጽሑፍ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ባለመብቱ መቅዳትን ብቻ ሳይሆን ማሻሻልንም አስቀድሞ ይፈቅዳል። የአሜሪካው ራይስ ዩኒቨርሲቲ በክፍት መጻሕፍት ፕሮጀክቱ በኦፕንስታክስ በኩል እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው የሒሳብ አያያዝ መጽሐፍ እንዲህ ያለ ነው። ምንጩ እስከተጠቀሰ፣ ለንግድ እስካልዋለና የተሻሻለውም በዚያው ፈቃድ እስከወጣ ድረስ ማንም ሊያስተካክለው ይችላል።

ፈቃዱ ምን እንደሚጠቅም ለመረዳት የዕቃ ክምችቱን ምዕራፍ መግለጥ ይበቃል። መጨረሻ የገባው ዕቃ መጀመሪያ እንደወጣ የሚቆጥረውን ስሌት፣ ላይፎን፣ እንደ አንድ አማራጭ ያስተምራል። የአሜሪካ ደንብ ይፈቅደዋል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 847/2006 የተቀበለችው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ፣ አይኤፍአርኤስ፣ ግን ይከለክለዋል። የሽያጭ ታክሱም የዚያ አገር ነው፤ የእኛ ተማሪ ሥራ ሲይዝ የሚጠብቀው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። በፈቃዱ መሠረት እነዚህን መለወጥ ይቻላል። ዴቢትና ክሬዲት ግን የትም አንድ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ዶላሩን በብር፣ ሱቁን በእኛ ሱቅ ከመተካት ያለፈ ብዙ ሥራ አይጠይቁም።

አቅሙ የለንም የሚል ካለ የጤና መምህራንን ይመልከት። በካርተር ማዕከል ድጋፍ በተካሄደው የሕዝብ ጤና ሥልጠና ፕሮግራም የጅማ፣ የጎንደር፣ የሐረማያና የሐዋሳ መምህራን በዐውደ ጥናት እየተሰበሰቡ የራሳቸውን የማስተማሪያ ጽሑፍ ጻፉ። ለትምህርት በነፃ ማባዛት እንደሚቻል፣ መሸጥ ግን ክልክል እንደሆነ ጽሑፎቹ ላይ ሠፍሯል። ቀጥሎ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴርና የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያዘጋጇቸው 13 ሞጁሎች ማሻሻልንም ፈቀዱ።

እነዚያ የጤና መምህራን የሚጽፉበት ጊዜና የሚገመግማቸው ባልደረባ ነበራቸው። የሒሳብ አያያዝ መምህር ግን ሙሉ የማስተማር ጫናውን ተሸክሞ ምዕራፍ እንዲያስተካክል መጠበቅ ግፍ ነው። ኮሌጆች የአንድ ሴሚስተር የማስተማሪያ ሰዓቱን ቀንሰውለት፣ በክምችትና በታክስ ምዕራፎች ቢጀምር፣ የወጣውን ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች እንዳለ ሊወስዱት ይችላሉ፤ ፈቃዱ አስቀድሞ ተሰጥቷል።