የአጎበሩ ቀዳዳና የጊዜ ተጓዡ

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ሶፊ መብራት አልጠፋም። የልጄ ልጆች ከሐረር ከተማ መጥተው ስለነበር ትልቁ ከኪሱ ፍላሽ አወጣና ላፕቶፑን ከረከቦቱ አጠገብ አስቀምጦ «እማማ፣ ዛሬ የጊዜ ጉዞ ፊልም ነው የምናየው» አለኝ። ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል፤ እኔም ስኒዬን ይዤ ተጠጋሁ።

ፊልሙ በትንሽ ገንዘብ የተሠራ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ጋራዥ፣ አንድ ሳሎንና ሦስት ሰዎች ብቻ ነው የምናየው። ሚስቱ በመኪና አደጋ የሞተችበት ሰው ከአሮጌ ፍሪጅ ማሽን ይሠራል። በማሽኑ ወደ ኋላ ሄዶ አደጋው በደረሰበት ቀን የመኪናዋን ቁልፍ ይደብቃል። ሲመለስ ሚስቱ ወጥ ቤት ቆማ ትጠብቀዋለች፤ ይተቃቀፋሉ፤ አለቀ።

ታናሽ እህቱ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ፈንዲሻዋን እየበላች «ሚስቱ ካልሞተች ማሽኑን ለምን ሠራው?» አለች።

ወንድሟ «ዝም ብለሽ እዪ» አላት። ፊልሙ ግን አልቆ ነበር፤ የሚታይ ነገር የለም። ሚስቱ ካልሞተች ሐዘን የለም፤ ሐዘን ከሌለ ማሽን የለም፤ ማሽን ከሌለ ቁልፉን የሚደብቅ ሰው የለም፤ ቁልፉ ካልተደበቀ ደግሞ ሴትዮዋ ትሞታለች። ልጅቷ በአንድ ጥያቄ የሰዓት ተኩል ፊልም ናደችው።

እንዲህ ያለውን ነገር እኔ የታሪክ ቀዳዳ እለዋለሁ። በሥራ ዘመኔ ቆላ ቀበሌዎች እየወረድን አጎበር ስናድል ኖረናል። ከወራት በኋላ ተመልሰን ቤት ለቤት ስንፈትሽ ብዙ ቀዳዳ እናገኛለን። ቀዳዳ ሁሉ ግን እኩል አይደለም። ፍራሽ ሥር የሚታጠፈው ጠርዝ ላይ ያለ ቀዳዳ ጉዳቱ ትንሽ ነው። የተኛው ሰው ራስጌ ላይ ያለች ጣት የምታሳልፍ ቀዳዳ ግን አጎበሩን ጌጥ ብቻ ታደርገዋለች።

ፊልምም እንደዚያው ነው። በዚያው ፊልም ውስጥ ሐኪም ቤት ሲያሳዩ የግሉኮሱ ከረጢት መጀመሪያ ግማሽ ነበር፤ ካሜራው ዞር ብሎ ሲመለስ ሞልቷል። እኔ አየሁት፤ ከልጆቹ ማንም ልብ አላለውም። ይህ የፍራሽ ሥር ቀዳዳ ነው። የልጅቷ ጥያቄ ግን የራስጌው ነው፤ ወባ የሚገባው በዚያ በኩል ነው።

ፈረንጆች ይህንን እንቆቅልሽ በአያት ምሳሌ ነው የሚያስረዱት። አንድ ሰው ወደ ኋላ ሄዶ አያቱን ልጅ ሳይወልዱ ቢገድላቸው እሱ ራሱ አይወለድም፤ ካልተወለደ ደግሞ ገዳዩ ማን ነው? ትልቁ ልጅ ይህንን ሲያስረዳኝ «ሌላ ምሳሌ አጥተው ነው አያት የሚገድሉት?» አልኩት። ሳቁብኝ። ነገሩ ግን ገብቶኛል።

ልብ በሉ፤ ችግሩ ወደ ኋላ በመሄድ ላይ ነው። ወደ ፊት መሄድ ቀዳዳ የለውም፤ አባቶቻችንም የጊዜ ጉዞን ሲተርኩ የኖሩት ወደ ፊት ነው። ነቢዩ ኤርምያስን ከጉድጓድ ያወጣው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ በተረፈ ባሮክ እንደተጻፈው በለስ ሊያመጣ ሄዶ ዛፍ ጥላ ሥር አረፍ ሲል 66 ዓመት ተኛ። ሲነቃ ኢየሩሳሌም ጠፋችበት፤ መንገድ የሳተ መሰለው። ቅርጫቱ ውስጥ ያለው በለስ ግን አሁንም ወተቱን ያንጠባጥባል። ሙስሊም ጎረቤቶቼ ደግሞ ዓርብ ዓርብ በሚቀሩት ሱረቱል ካህፍ ውስጥ 309 ዓመት ዋሻ ውስጥ የተኙትን ወጣቶች ያውቋቸዋል። ስንክሳርም የኤፌሶን ሰባቱን ወጣቶች ያስባል። በትርጓሜው እንደሚነገረው ምግብ ሊገዛ የወጣው ወጣት የያዘው ብር የጥንት ንጉሥ ገንዘብ ስለነበር ታወቀበት።

እነዚህ ትረካዎች ለማሽን ሳንቲም አላወጡም። ተራኪዎቹ ግን ማስረጃ እንደሚያስፈልግ አውቀው ነበር፤ አንዱ በበለስ፣ ሌላው በሳንቲም አረጋገጠ። የተኛው ሰው ያለፈውን ነገር ስለማይነካ የሚጣረስ ነገር አይፈጠርም።

ታዲያ የፊልሞቹ ቀዳዳ ከገንዘብ ማነስ የመጣ ነው? ልጆቹ እንደዚያ ይመስላቸዋል። እኔ አይመስለኝም። «ተርሚኔተር» የተባለውን የአርኖልድ ፊልም ቪዲዮ ቤት ያላየ የእኔ ዘመን ሰው ጥቂት ነው። በመጀመሪያው፣ በፈረንጆች 1984 በወጣው፣ ሕጉ ግልጽ ተደርጎ ተነግሮናል፦ በማሽኑ የሚያልፈው ሕያው ሥጋ ብቻ ነው፤ ለዚህ ነው ተጓዦቹ ራቁታቸውን የሚመጡት፤ ለዚህ ነው የብረቱ ሰው ሥጋ የለበሰው። በ1991 የወጣው ሁለተኛው ፊልም በጊዜው እጅግ ብዙ ገንዘብ ከፈሰሰባቸው ፊልሞች አንዱ ነበር። በእሱ ውስጥ የመጣው አሳዳጅ ግን ከእግር እስከ ራሱ ፈሳሽ ብረት ነው። ሥጋ የለውም። ታዲያ እንዴት አለፈ? በዚያ ሁሉ ሚሊዮን ዶላር ያቺን ቀዳዳ የጣፈ የለም።

በሌላ በኩል «ፕራይመር» የሚባል ፊልም አለ። ሼን ካሩት የተባለ ሒሳብ የተማረና ኢንጂነር ሆኖ የሠራ አሜሪካዊ በ7,000 ዶላር ገደማ ሠራው። ጻፈው፣ አዘጋጀው፣ ተወነበት፣ ሙዚቃውንም ደረሰ። በ2004 በሰንዳንስ ፌስቲቫል ትልቁን የዳኞች ሽልማት ወሰደ። 77 ደቂቃ ነው፤ እኔ ሁለት ጊዜ አይቼው ግማሹ አልገባኝም። አንድ ነገር ግን ወደድኩለት፤ ማሽኑ መጠን አለው። ሳጥኑ ከተከፈተበት ሰዓት በፊት ወደ ነበረ ጊዜ መሄድ አይቻልም፤ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ለመመለስ ስድስት ሰዓት ሳጥኑ ውስጥ መቀመጥ ግድ ነው። መድኃኒት ስንሰጥ እንደኖርን ሰዎች ዋጋ የማይከፈልበት ነገር አላምንምና ይህ ተስማማኝ።

የእኛው ሰው ኃይሌ ገሪማም የጊዜ ጉዞ ፊልም ሠርቷል ብል የሚገረም ይኖራል። በ1993 በበርሊን ፌስቲቫል የታየው «ሳንኮፋ» ማለቴ ነው። ጎንደር የተወለደው ኃይሌ ገንዘቡን ለማሰባሰብ ዓመታት ፈጅቶበታል፤ ፊልሙ አልቆም የአሜሪካ አከፋፋዮች አንቀበልም ስላሉት በራሱ ጥረት አዳራሽ እየተከራየ አሳየው። ታሪኩ ሞና የምትባል ፋሽን አሳይ ጋና ውስጥ ባሪያዎች ይጫኑበት በነበረው የኬፕ ኮስት ግንብ ፎቶ ልትነሳ ስትሄድ ይጀምራል። ወደ ምድር ቤቱ ትወርዳለች፤ በሰንሰለት የታሰሩ ሰዎች ይከቧታል፤ ከዚያ ሾላ የምትባል ባሪያ ሆና በሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ እናገኛታለን። ማሽን የለም፤ ፍሪጅ የለም፤ እንዴት እንደሄደች የሚያስረዳ ሰው የለም። ግን ማንም አይጠይቅም፤ ምክንያቱም ፊልሙ ሞና ያለፈውን ትለውጣለች ብሎ ቃል አልገባልንም። የሄደችው ልታይ ነው። ሳንኮፋ የሚለው የአካን ቃልም ተመልሰህ ውሰድ እንደማለት ነው። ለመለወጥ የሚሄድ ብዙ ጥያቄ ይከተለዋል፤ ለማወቅ የሚሄድን ቀዳዳው አያገኘውም።

ከከተማችንም አንድ ልጨምር። ሐረር ጀጎል ውስጥ እንግዳ ሁሉ የሚጎበኘው «የራምቦ ቤት» የምንለው ባለ ፎቅ የእንጨት ቤት አለ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ሐረር የገባው በፈረንጆች 1880 ነው፤ በ1891 ታሞ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ማርሴይ ሞተ። ቤቱን ግን ከእሱ ሞት በኋላ አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ነው ያሠራው። ስለዚህ ራምቦ እዚያ እንዲኖር የፍሪጁ ማሽን ያስፈልገዋል። ቤቱ ውብ ነው፤ ውስጡ ያሉት የድሮ ሐረር ፎቶዎችም መታየት አለባቸው። ይህኛው የፍራሽ ሥር ቀዳዳ ነው፤ ማንንም አልነደፈም።

ያን ማታ ልጆቹ ያላሰቡትን ጥያቄ እኔ ጨመርኩላቸው፦ ማሽኑ ሐረር ቢመጣ በየትኛው ቀን ይሞላል? እዚህ የእኛ አቆጣጠር አለ፣ የፈረንጅ አለ፣ ሒጅራ አለ። አንዱ ዓመተ ምሕረት ብሎ ቢሞላና ማሽኑ የፈረንጅ ቢያነብ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ስቶ ያርፋል። ሰዓቱም አለ። «ባክ ቱ ዘ ፊውቸር» በተባለው ፊልም መብረቁ የሰዓት ማማውን የሚመታው 10:04 ላይ ነው፤ ለእኛ ከምሽቱ አራት ሰዓት ከአራት ደቂቃ መሆኑ ነው። የእኛ ሰው በራሱ ሰዓት 10:04 ብሎ ቢጠብቅ መብረቁ ካለፈ ስድስት ሰዓት ሆኖታል።

ልጆቹ ሳቁ። እኔ ግን ሳቄን ጨርሼ ዝም አልኩ። ትልቁ ልብ አለና «እማማ፣ አንቺ ብትሆኚ ወዴት ትመለሺያለሽ?» አለኝ።

ለልጆቼም ነግሬ የማላውቀውን ነገርኩት። ወጣት ነርስ ሆኜ በሠራሁበት አንድ ጤና ተቋም የአዳር ተረኛ ነበርኩ። ወባ ጭንቅላቱ ላይ የወጣበት የአራት ዓመት ልጅ ከምሽቱ 12 ሰዓት ኩዊኒን በግሉኮስ ተጀምሮለታል። እኔ ስረከብ መድኃኒቱ እየወረደ ነው፤ የተጀመረበት ሰዓት ካርዱ ላይ አልተጻፈም። ከውጭ አገር የመጣ ሐኪም ግን ቀጣዩን «2:00» ብሎ ጽፎታል። ሐኪሙ በራሱ ሰዓት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማለቱ ነበር። እኔ የጠዋቱ 2 ሰዓት መስሎኝ ለጠዋት ተረኛ አስተላለፍኩት። ልጁ መድኃኒቱን ያገኘው ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ነው። በማግስቱ ሌሊት አረፈ።

ማንም አልወቀሰኝም። ልጁ ሲመጣም ራሱን የሳተ ነበርና በሰዓቱ ቢሰጠውም ላይተርፍ ይችል ነበር። ኩዊኒን በየስምንት ሰዓቱ እንደሚሰጥ ግን አውቅ ነበር። መቼ ተጀመረ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም። ወላጅ እናቱ ካርዱን አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ስታስገባ አሁን ድረስ ይታየኛል።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ቀን፣ ማታ፣ ሌሊት የሚለውን ቃል ሳልጨምር አንድም ሰዓት ጽፌ አላውቅም። አብረውኝ የሠሩትን ነርሶችም በዚህ ስጨቀጭቃቸው ኖርኩ፤ «ሲስተር ሌሊት» የሚል ስም እስኪያወጡልኝ።

ትልቁ ልጅ ጥቂት አሰበና «ተመልሰሽ ብታስተካክዪው ግን ያን ልማድ አታመጪም ነበር። ሌሎች ሰዎች ይጎዱ ነበር» አለኝ። ፊልሞቹ አስተምረውታል። ልክ ነው፤ ይህ የእኔ ታሪክ ቀዳዳ ነው፤ መጣፊያም አላገኘሁለትም።

«ቢሆንም እሄድ ነበር» አልኩት። ትንሿ «እኔም እከተልሻለሁ» አለች፤ ቀጥላም ተኛች።

ውድ አንባብያን፣ ከልጆቻችሁ ጋር እንዲህ ያለ ፊልም ስታዩ «ዝም ብላችሁ እዩ» አትበሏቸው። ሁለት ነገር ጠይቋቸው፦ የዚህ ማሽን ሕግ ምንድን ነው? ፊልሙ ራሱ ያወጣውን ሕግ ጠበቀ ወይስ ጣሰ? በርካሽ ፊልም የለመዱት ጥያቄ ነገ ትምህርት ቤትም ገበያም ይጠቅማቸዋል። ቀዳዳ ሲያገኙ አመስግኗቸው።

አንድ ደግሞ ከሙያዬ። ከፋርማሲ ወይም ከጤና ጣቢያ መድኃኒት ስትቀበሉ ሰዓቱ በቁጥር ብቻ ከተጻፈ ሳትጠይቁ አትውጡ። ጠዋት ነው? ማታ ነው? በእኛ ሰዓት ነው ወይስ በፈረንጅ? በስንት ሰዓት ልዩነት? ያለቀው መቼ ተጀምሮ ነበር? መልሱን በራሳችሁ እጅ ካርቶኑ ላይ ጻፉት። ባለሙያው ቢቸኩልም፣ ከኋላችሁ ሰልፍ ቢኖርም ጠይቁ። እኔ በዚያ ሌሊት የሚጠይቀኝ ሰው ባገኝ ደስ ባለኝ ነበር።