«ተሸለመ» ወይስ «አስመሰከረ»? ስለ ስካውት ማዕረጎችና ምልክቶች ስያሜ

በከሚሴ ከተማ የትምህርት ቤት ክበብ የሚያስተባብሩ አንድ መምህር ለዝግጅት ክፍላችን የላኩት ጥያቄ አጭር ነው። በስካውት ሥርዓት አንድ ልጅ የተመደበለትን ፈተና ባለፈ ቁጥር በልብሱ ላይ የሚሰፋለት ምልክት በአማርኛ ምን ይባላል? በኦሮምኛስ? ደግሞም ልጁ ምልክቱን «ተሸለመ» እንበል፣ «አገኘ» እንበል፣ ወይስ ሌላ ቃል አለ? መምህሩ የመጨረሻውን ጥያቄ እንደ ተጨማሪ ነገር በደብዳቤያቸው ግርጌ ጽፈውታል። እኛ ግን ዋናው ችግር ያለው እዚያ ላይ ነው ብለን እናምናለን። ስሙ ቢጠፋ በትውስት ቃል ይተካል፤ ግሡ ከተሳሳተ ግን ልጁ ስለ ሠራው ሥራ የሚማረው ነገር ይሳሳታል።

ቃል ከመምረጥ በፊት ነገሩን ማወቅ ይገባል። የስካውትን እንቅስቃሴ የጀመረው እንግሊዛዊው መኰንን ቤደን ፓወል በ1899 ዓ.ም. ሃያ ልጆችን ይዞ በብራውንሲ ደሴት ሰፈረ፤ በ1900 ዓ.ም. ደግሞ የታወቀውን መጽሐፉን አሳተመ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በወጣው ደንብ መሠረት ማዕረጎቹ ሦስት ነበሩ፤ ጀማሪው፣ ሁለተኛውና አንደኛው። ሁለተኛውን ማዕረግ የሚፈልግ ልጅ ከሁለት የክብሪት እንጨት ሳያልፍ እሳት ማንደድ፣ ሩብ ፓውንድ ሥጋና ሁለት ድንች ማብሰል፣ የአቅጣጫ መጠቆሚያን ዐሥራ ስድስት ነጥቦች ማወቅ፣ እየሮጠና እየተራመደ አንድ ማይል በዐሥራ ሁለት ደቂቃ መሄድ፣ በቁጠባ ባንክም ጥቂት ገንዘብ ማስቀመጥ ነበረበት። አንደኛውን ማዕረግ የሚሻ ደግሞ ሰባት ማይል ርቆ ወዳለ ስፍራ ደርሶ ይመለሳል፤ ከሁሉ በላይ አንድ ጀማሪ ልጅ ራሱ አሠልጥኖ ማቅረብ ይገባዋል። ከማዕረጎቹ ጎን ደግሞ በየሙያው፣ ማለትም በመጀመሪያ ርዳታ፣ በዋና፣ በምግብ ሥራና በመሳሰለው የሚሰጡ ምልክቶች አሉ። ዝርዝሩ ከአገር አገር፣ ከዘመን ዘመን ተለዋውጧል፤ ጠባዩ ግን አልተለወጠም። ምልክቱ ለልደት፣ ለዕድሜ ወይም ለደግነት የሚሰጥ አይደለም። ልጁ አንድ የተወሰነ ነገር ማድረግ መቻሉን ያየ ሰው ስላለ ብቻ የሚሰጥ ነው።

እንቅስቃሴው ወደ አገራችን ገብቶ በዘመነ መንግሥቱ በትምህርት ቤቶች ሲሠራበት ከቆየ በኋላ የኢትዮጵያ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1969 የዓለም ስካውት ድርጅት አባል ሆነ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ተቋረጠ፤ እንደገና ተቋቁሞም እ.ኤ.አ. በ2002 በአባልነት ተመለሰ። የቋንቋ ባለሙያ ከዚህ ታሪክ የሚያወጣው ነገር አለ። ስያሜ የሚለሰልሰው በአፍ ነው። ታላቁ ለታናሹ እየነገረ፣ ልጆቹም እያሳጠሩና እያጣመሙ በሚያወርሱት ጊዜ ቃሉ የቋንቋው አካል ይሆናል። በመካከል አንድ ትውልድ ሲጎድል ግን የቀድሞዎቹ ቃላት በአረጋውያን ትዝታ ይቀራሉ፤ አዲሱ መሪም ከውጭ የመጣውን መመሪያ ይዞ ከዜሮ ይተረጉማል። የከሚሴው መምህር ጥያቄ የተወለደው ከዚህ ክፍተት ነው።

ስሞቹን ባጭሩ እንለፋቸው። «ስካውት» የሚለው ራሱ እንዳለ ቢቀር ይሻላል። መነሻው «ማዳመጥ» የሚል ትርጉም ያለው የጥንት ፈረንሳይኛ ግሥ ሲሆን፣ በኋላ ከጦሩ ቀድሞ ሄዶ ጠላትን የሚያጠና ሰው መጠሪያ ሆኗል። በአማርኛ ለዚህ «ቃፊር» የሚል ያማረ ቃል አለን፤ ነገር ግን ቃሉ ከጦር ሜዳ አልወጣም፤ ለዐሥር ዓመት ልጅም ይከብዳል። «ሰላይ» ከተባለማ ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ ክበቡ ከመላክ ይቆጠባሉ። ዐረብኛ «ከሻፋ» የሚለው «ገለጠ፣ ከፈተ» ከሚል ግሥ ወጥቶ ነው፤ ዐረብኛ የቀመሱ የከሚሴ ሰዎች ያውቁታል። «ስካውት» በሰው አፍ «እስካውት» ቢባል ነውር የለበትም፤ ሁለት ተነባቢ በቃል መጀመሪያ ሲገጥመው «እ»ን ማስቀደም የአማርኛ የቆየ ልማዱ ነው፤ ኦሮምኛም በበኩሉ «ኢ»ን ያስቀድማል።

«ባጅ» የሚለው ትውስት ሌላ ችግር አለበት። በአሁኑ አነጋገር ባጅ ማለት በመሥሪያ ቤትና በስብሰባ አንገት ላይ የሚንጠለጠለው የማንነት መግለጫ ነው፤ እሱን ደግሞ የሚያገኘው የፈተና ብርታት ያለው ሳይሆን ስሙ በመዝገብ ያለው ሁሉ ነው። (የከተማው ጎዳና በባጃጅ የተሞላ ስለሆነ ልጆቹ በቃሉ እንደሚቀልዱበት መገመት አያስቸግርም።) «ኒሻን» እና «ሜዳልያ» የመንግሥትና የጦር ሜዳ ናቸው። «አርማ» የድርጅት እንጂ የግለሰብ አይደለም። ስለሆነም «ምልክት» የሚለውን ተራ ቃል ወስዶ «የማዕረግ ምልክት» እና «የሙያ ምልክት» ብሎ መለየት በቂ ነው። በኦሮምኛም «መለቶ» ይህንኑ ይሸከማል።

ስለ ማዕረግ ግን ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። አንዳንድ ተርጓሚዎች ሁለቱን ከፍተኛ ደረጃዎች ቃል በቃል «ሁለተኛ ክፍል» እና «አንደኛ ክፍል» ብለው ሲተረጉሙ ይታያል። ይህ ለተማሪ ልጅ መሳቂያ ነው፤ ከሁለተኛ ክፍል ወደ አንደኛ ክፍል የሄደ ልጅ ወረደ እንጂ አልወጣም። «ሁለተኛ ደረጃ» እና «አንደኛ ደረጃ» ቢባልም የትምህርት ቤቱ ስም ከፊታችን ይደቀናል። «ማዕረግ» ግን ከግእዙ «ዐርገ»፣ ማለትም «ወጣ» ከሚለው የተገኘ ሲሆን የመውጫ ስፍራ ማለት ነው፤ ዕርገትም የዚሁ ዘመድ ነው። በጉዞ «አንደኛ ማዕረግ» ከሁለተኛው እንደሚበልጥ፣ ዩኒቨርሲቲም ተማሪውን «በማዕረግ» እንደሚያስመርቅ ሰው ሁሉ ያውቃል። የቁጥሩ አቅጣጫ በዚህ ቃል ሥር ብቻ ትክክል ይሆናል። ኦሮምኛው «ሰደርካ» የትምህርት ቤት ደረጃንም ማዕረግንም ስለሚያጠቃልል፣ እዚያ ቁጥሩን ትቶ በስም መለየት ሳይሻል አይቀርም።

እንግዲህ ወደ ግሡ እንመለስ። እንግሊዝኛ «ኧርን» በሚል አንድ ቃል የሚገልጸው፣ ሠርቶ በሚገባ የራስ ማድረግ የሚለው ሐሳብ፣ በአማርኛ በአንድ ቃል አይገኝም። «አገኘ» መንገድ ላይ ገንዘብ ላገኘም ይሆናል። «ተቀበለ» እጅን እንጂ ሥራን አያሳይም። «ተሾመ» ከበላይ ፈቃድ የሚመጣ፣ በበላይ ፈቃድም የሚሻር ነው፤ ሹም ሽር የሚለው አነጋገራችን ይህን ይመሰክራል። «ተሸለመ» ከሁሉም ይልቅ ይስባል፤ ምክንያቱም «ሸለመ» በመሠረቱ «አስጌጠ» ማለት ስለሆነ በእጅጌ ላይ ለሚሰፋ ጥልፍ የተስማማ ይመስላል። ይሁንና ሹመትና ሽልማት በቋንቋችን ተያይዘው የኖሩ ናቸው። ሽልማት የሰጪው ቸርነት አለበት፤ ከሌሎች መብለጥም አለበት። በአንድ ክበብ ያሉ ሠላሳ ልጆች በሙሉ እሳት ማንደድ ቢችሉ ሠላሳዎቹም ምልክቱን ይለብሳሉ፤ ሽልማት ከሆነ ግን ሃያ ሰባቱ ተሸንፈዋል። «ተሸለምኩ» ያለ ልጅ ባለዕዳ ነው፤ ሳይሸለም የቀረውም መሪውን ይቀየማል እንጂ ወደ ልምምዱ አይመለስም። አንድ ግሥ ይህን ያህል ያበላሻል ቢባል ማጋነን አይደለም።

የምንሻው ቃል ከድሮው ትምህርት ቤት ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀናል። የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ድጓን ተምሮ ሲጨርስ ወደ ቤተልሔም ይሄዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የተማረም ወደ ዙር አምባ፤ እዚያም በሊቁ ፊት ተሰምቶ «አስመሰከረ» ይባላል። የቃሉን አሠራር ልብ ማለት ያስፈልጋል። «መሰከረ» የምስክሩ ሥራ ነው። «አስ-» ሲገባበት የግሡ ባለቤት ተማሪው ይሆናል፤ ሌላው ሰው ስለ እሱ እንዲመሰክር ያደረገው እሱ ነው። ሥራው የልጁ ነው፤ ፍርዱ ግን የልጁ አይደለም። «ተሸለመ» ሥራውን ከልጁ ይወስድበታል፤ «ቻልኩ» ደግሞ ፍርዱንም ለልጁ ይሰጠዋል። «አስመሰከረ» ሁለቱን በየቦታቸው ያስቀምጣል።

ቃሉ የካህናት ስለሆነ ሙስሊሞች በሚበዙበት በከሚሴ እንግዳ አይሆንም ወይ የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። እኛም ይህን አስበንበት ነበር። ነገር ግን በወሎ በዳናም ሆነ በጌታ የታወቀው የእስልምና ትምህርት በዚሁ መንገድ የሚሄድ ነው። ደረሳው ኪታቡን በሸኹ ፊት ቀርቶ ሲጨርስ የሚቀበለው ኢጃዛ፣ ሸኹ ስለ ተማሪው የሚሰጡት ማረጋገጫና የማስተማር ፈቃድ ነው። ከዚህም አልፎ ሦስቱን ቋንቋዎች ጎን ለጎን እናድርጋቸው። አማርኛ ትምህርት መጨረስን የሚያረጋግጠውን ጽሑፍ «የምስክር ወረቀት» ይለዋል። ኦሮምኛ ለምስክርነትም ለማስረጃም በሚጠቀምበት «ረጋ» በሚለው ቃል ይሰይመዋል። በዐረብኛ «ሸሃዳ» ምስክርነትም ነው፣ የምስክር ወረቀትም ነው። ሰኞ ሰኞ በባቲ ገበያ ጎን ለጎን ከሚሰሙት ቋንቋዎች ሁለቱና በመድረሳ የሚቀራው ሦስተኛው፣ ሳይመካከሩ፣ ነገሩን በአንድ ምስል ሰይመውታል። አንዳቸውም ሽልማት አላሉትም። ለስያሜ ሠሪ ከዚህ የተመቸ መሬት አይገኝም።

መምህሩ በደብዳቤያቸው የገዳን እርከኖች ስም፣ ማለትም ደባሌን፣ ጋሜን፣ ፎሌንና የመሳሰሉትን ለስካውት ማዕረጎች ለመዋስ አስበው እንደነበር ገልጸዋል። የአሳባቸው ቅንነት ግልጽ ነው፤ ገዳ እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ከገባ ወዲህም ፍላጎቱ ጨምሯል። ቢሆንም አንመክርም። በገዳ ልጁ ከእርከን ወደ እርከን የሚሻገረው ከእኩዮቹ ጋር በአንድነት፣ በዘመን ቆጠራ፣ በስምንት ስምንት ዓመት ነው፤ የሚገባበትም መደብ ከአባቱ መደብ ጋር የተያያዘ ነው። የስካውት ማዕረግ ግን ዛሬ የተዘጋጀ ዛሬ የሚወጣው፣ ያልተዘጋጀ የሚቆይበት ነው። ስሙን ብንዋስ ገዳን እንደ ፈተና፣ ስካውትንም እንደ ዕድሜ እናስመስላለን፤ ሁለቱም ይጎዳሉ።

አንድ ከባድ ተቃውሞ ከራሳችን ተረት ይመጣል። «ሙያ በልብ ነው» የሚል ሕዝብ ሙያን በእጅጌ ላይ መስፋትን እንዴት ይቀበላል? ይህን ተቃውሞ አናቃልለውም። ምናልባትም ወላጆች ምልክቱን እንደ ጉራ የሚያዩት ከዚሁ የተነሣ ይሆናል። መልሱ የሚገኘው ከምልክቱ ጥቅም ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ከሚሴን ሰንጥቆ ያልፋል። በመንገዱ ዳር አንድ ሰው ወድቆ ቢደማ፣ ከተሰበሰበው ሰው መካከል ቁስል ማሰር የሚችለው የትኛው እንደሆነ በልብ ያለ ሙያ አይናገርም። የመጀመሪያ ርዳታ ምልክት ያለበት እጅጌ ግን «እኔን ጥሩኝ» ይላል። የተጠራውም ልጅ እምቢ ማለት አይችልም፤ ተመስክሮበታልና። «ተመሰከረለት» እና «ተመሰከረበት» የሚለያዩት በአንድ ፊደል ብቻ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ሁለቱም እውነት ናቸው።

ምልክቱ በይፋ የሚደረግበትን ሥነ ሥርዓት በተመለከተ የጦር ሠራዊቱ «ማዕረግ ማልበስ» የሚለው አነጋገር ዝግጁ ሆኖ ይገኛል፤ በኦሮምኛም «ጎንፈቹ»፣ ዘውድን ወይም ድልን መጎናጸፍን የሚገልጸው ግሥ፣ ለዚሁ ይስማማል። በዚህ ቃል መጨረሻ ያለው ቅጥያ ድርጊቱ ለራስ ለአድራጊው መሆኑን ስለሚያሳይ እንዲያውም ከአማርኛው ይበልጣል። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ማልበስ ከማስመስከር እንዳይቀድም፣ ቦታውንም እንዳይወስድ ነው። ለመዝገበ ቃላት ምሳሌ የሚሆን ዐረፍተ ነገር እንስጥ፤ «አሕመድ የመጀመሪያ ርዳታን ረቡዕ አስመሰከረ፤ ምልክቱን ቅዳሜ ለበሰ።»

ለጀማሪው ማዕረግ ያለን አሳብ ገና አልጸናም። የእንግሊዝኛው ስም ቃል በቃል «እግሩ ያልጠነከረ» ማለት ሲሆን፣ ከመካከላችን አንዳንዶቹ «ጀማሪ» ይበቃል ይላሉ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ «ለጋ»ን ይመርጣል። ለጋ ቅቤ፣ ለጋ ቅጠል እንደምንለው፣ ቃሉ ድክመትን ሳይሆን ገና ወደፊት መሆንን ያሳያል፤ አጭርም ነው። ሆኖም የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ «ለጋ ስካውት» ተብሎ ሲጠራ ደስ ይለው እንደሆነ ከጠረጴዛ ላይ ሆኖ መወሰን አይቻልም። የከሚሴው መምህር ሁለቱን ቃላት በልጆቹ ዘንድ ሞክረው፣ በኦሮምኛም ልጆቹ ራሳቸው የሚያወጡትን ስም መዝግበው ቢልኩልን፣ በሚቀጥለው ዕትም እናወጣዋለን።