የማያምረው ፎቶ

በደቡብ ጎንደር፣ በመካነ ኢየሱስ ከተማ ዙሪያ ቢራቢሮ ፎቶ ለማንሳት የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው የስም ችግር ነው። ለእህሉ ዘር፣ ለዛፉ፣ ለከብቱ ቀለም ሳይቀር ስም የማያጣው ገበሬ እዚህ ላይ ሲደርስ በአንድ ቃል ያልፋል፤ ነጯም፣ ቢጫዋም፣ ሰማያዊዋም ቢራቢሮ ናት። አባጨጓሬውን ግን ለይቶ ያውቀዋል፤ ሰብሉን ይበላበታላ! ስለዚህ ሳይንሱ የሰጠውን ስም በፊደላችን እየጻፍኩ እሄዳለሁ፤ ለአፍ ቢከብድም ታገሡኝ።

አገሩ ለዚህ ሥራ የታደለ ነው። በላይ በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው የጉና ተራራ ውርጩን ይልካል፤ በታች በኩል መሬቱ እየወረደ ዓባይ ሸለቆ ይገባል። ቢራቢሮ ሙቀቷን ከፀሐይ የምትለቅም ፍጥረት ስለሆነች፣ ደጋ የወጣ ሰውና ቆላ የወረደ ሰው የሚያዩት አንድ ዓይነት አይደለም። በመካከሉ እርሻና ባሕር ዛፍ አለ። የቀረው አገር በቀል ደን በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለው ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን እየዞሩ ዛፉን አጥንተዋል፤ በኋላም ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ካህናቱና ሕዝቡ ደኑን በድንጋይ ካብ እንዲያጥሩ አግዘዋል። ካቡ የተሠራው ከብት እንዳይገባ ነው። ለእኛ ግን ሌላ ጥቅም አለው፤ የጠዋት ፀሐይ የመታው ድንጋይ ቀድሞ ይሞቃል፣ ቢራቢሮዋም እዚያ ላይ ክንፏን ዘርግታ ትሞቃለች።

ይህቺ ሰዓት አታምልጣችሁ። የክንፏ ጡንቻ ወደ 30 ዲግሪ ገደማ ካልሞቀ በደንብ መብረር ያቅታታል፤ ስለዚህ በመስከረምና በጥቅምት፣ ዝናቡ ቆሞ አደይ አበባው ሳይረግፍ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ያገኛችኋት ቢራቢሮ ትታገሣችኋለች። 5 ሰዓት ላይ ያቺው ቢራቢሮ ዓይናችሁን ታንከራትታለች። ጥላችሁ አይረፍባት፤ ጥላ ለእሷ ወፍ ነው። ጋቢ ለብሳችሁ ከሆነ ጫፉን ሰብስቡት። በጉልበታችሁ ተንበርክካችሁ ቅረቡ። አንድ ጠዋት እንዲህ ስዳክር አንድ ቄስ ካቡ ጋ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና፣

«ልጄ፣ ምን ጠፍቶብህ ነው?» አሉኝ።

«ይባርኩኝ አባ። ቢራቢሮ ነው የምፈልገው።»

«እሷማ ትከሻህ ላይ ናት።»

እውነትም ነበረች፤ ሸሚዜን ያራሰውን ላብ ትመጥ ነበር። ጨው ፍለጋ ነው። ከብት በሚጠጣበት የወንዝ መሻገሪያ፣ ጭቃውና ሽንቱ ላይ ተኮልኩለው የምታዩአቸውም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው፤ አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የመጀመሪያው ዓመት ፎቶዎቼ ያምሩ ነበር፤ ከላይ የተነሱ፣ ክንፋቸው የተዘረጋ፣ ጀርባቸው የደበዘዘ፣ ለግድግዳ የሚሆኑ። ከእነርሱ ውስጥ ግማሹን እንኳ ለይቼ ማወቅ አልቻልኩም። የሚያምረው ፎቶና የሚያስለየው ፎቶ ሁለት ናቸው። የሚያስለየው ክንፏን አጥፋ ስትቀመጥ ከጎን፣ ሌንሱ ከክንፉ ጋር ትክክል ተደግኖ የተነሳው፣ አብዛኛውን ጊዜ ቡናማና ደብዛዛ የሆነው ነው። ብዙዎቹ ዝርያዎች መታወቂያቸውን የያዙት በክንፋቸው የታች ገጽ ላይ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም አንሱ፤ ሦስተኛም ጨምሩ፤ የተቀመጠችበትን ቅጠል። ለዚህ ውድ ካሜራ አያስፈልግም፤ ከእርምጃ ርቀት ውስጥ ከገባችሁ ስልክም ይበቃል።

በአተር ማሳ ዳር ብትቆሙ ምን ለማለት እንደፈለግሁ ታያላችሁ። ላምፒደስ ቦኤቲከስ የምትባለው ትንሽ ቢራቢሮ በላይዋ ሰማያዊ ናት፤ እንደ እሷ ሰማያዊ የሆኑ ሌሎች ብዙ ናቸው። ክንፏን ስታጥፍ ግን ቡናማና ነጭ የሆነ የማዕበል መስመር ይወጣል፤ ወደ ጠርዙ ሲጠጋ አንድ ሰፋ ያለ ነጣ ያለ ጥለት ይታያል፣ ከጀርባዋ ክር የመሰለ ጅራት፣ ከጅራቱ ሥር ሁለት ጥቁር ነጥብ። ቀረብ ብላችሁ ዝም በሉ። የኋላ ክንፎቿን ወደ ላይና ወደ ታች ታፋትጋለች፤ ጅራቱ እንደ ቀንድ፣ ነጥቡ እንደ ዓይን ይንቀሳቀሳል። ወፍ ራስ መስሏት ትነክሳለች፣ ቢራቢሮዋ ቁራጭ ክንፍ ትታ ታመልጣለች። ከኋላዋ የተቀደደች ካገኛችሁ ፎቶው ተበላሸ ብላችሁ አትለፏት። አባጨጓሬዋ የአተሩን እሸት ሰርስሮ ስለሚኖር ገበሬው እናቲቱን ሳያውቃት ልጇን ይረግማል።

ከሁሉም ያታለለችኝ ግን ሌላ ናት። ዳናውስ ክሪሲፐስ የሸክላ ቀለም ያላት፣ የፊት ክንፏ ጫፍ ጥቁርና ነጭ የሆነ፣ ቀስ ብላ የምትበር ቢራቢሮ ናት። የማትቸኩለው በምክንያት ነው፤ አባጨጓሬዋ እንደ ጦቢያ ያለ ነጭ ወተት የሚያፈስ ተክል እየበላ መርዙን በሰውነቱ ያስቀምጣል፣ የቀመሰቻት ወፍ ሁለተኛ አትሞክራትም። ይህን ዝና ሂፖሊምናስ ሚሲፐስ የምትባል መርዝ የሌላት ቢራቢሮ ትለብሰዋለች፤ ሴቷ ብቻ። ወንዱ ጥቁር ነው፣ በክንፎቹ ላይ ወይን ጠጅ ጠርዝ ያላቸው ነጭ ክቦች አሉት፤ አጠገቧ ብታዩት ባሏ ነው ብላችሁ አታምኑም። መለያው የኋላ ክንፍ ላይ ነው። እውነተኛዋ በክንፉ መካከል ሦስት ወይም አራት ጥቁር ነጥብ አላት፤ አስመሳይዋ ከላይኛው ጠርዝ አጠገብ አንድ ብቻ። ነጥብ ቁጠሩ! በረራውን አይታችሁ አትፍረዱ፤ አስመሳይዋ በረራዋንም ታስመስላለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ፓፒሊዮ ዳርዳነስ የሚባል ሌላ አስመሳይ ቢራቢሮ አለ፤ በሌላው የአፍሪካ ክፍል ሴቷ ጅራቷን ጥላ መርዘኛ ቢራቢሮዎችን በልዩ ልዩ መልክ ታስመስላለች፤ ተመራማሪው ሮላንድ ትራይመን እነዚያ ሁሉ መልኮች የአንድ ዝርያ ሴቶች መሆናቸውን የጻፈው በ1869 (እ.ኤ.አ.) ነው። በእኛ አገር ደን ግን ከሴቶቹ ብዙዎቹ ወንዱን ይመስላሉ፤ የሚያስመስሉትም ቢሆኑ ጅራታቸውን አልጣሉም። ይህ የኢትዮጵያ ዘር በሸዋ፣ ልጥ ማረፊያ በተባለ ቦታ የምርምር ጣቢያ ከፍቶ እዚያው በሞተው ኢጣሊያዊ በአንቲኖሪ ስም ይጠራል። ልምጭ ያለበት ደን ከገባችሁ ቀና በሉ፤ አባጨጓሬው ከሚበላቸው አንዱ እሱ ነው፣ ጥርስ የምንፍቅበት።

ካራክሰስ የሚባለውን ቢራቢሮ ደግሞ እየሮጣችሁ አታነሱትም። ዛፍ አናት ላይ ይውላል፣ እንደ ድንጋይ ይወነጨፋል፣ አበባም አይፈልግም። የሚያወርደው የሸተተ ፍሬ፣ ከግንድ የሚፈስ ጭማቂ፣ አልፎ አልፎም ፋንድያ ነው። እኔ የበሰበሰ ሙዝ በጠላ አተላ ለውሼ፣ ፀሐይ በሚያርፍበት ቅርንጫፍ ላይ ቀብቼ ሁለት ቀን ጠበቅሁ። በመጀመሪያው ቀን ሙዙን ጦጣ ወሰደው። በሁለተኛው ቀን አተላውን ብቻ ቀባሁት፤ 6 ሰዓት ሲሆን አንዱ መጥቶ፣ ቢጫ ምላሱን ዘርግቶ፣ እጄ እስኪነካው ድረስ አልተነሳም። ሰክሮ ነው ያሉኝ አሉ። የታች ገጹን በስልኬ አሥራ አንድ ጊዜ አነሳሁት።