የአፈርና የውኃ ጨዋማነት

የአፈርና የውኃ ጨዋማነት የሚሟሙ ጨዎች በአፈር ወይም በውኃ ውስጥ ዕፅዋትን፣ እንስሳትንና ሰውን እስከሚጎዱ ድረስ መከማቸታቸው ነው። ጨው ሲባል የወጥ ጨው ብቻ አይደለም፤ የሶዲየም፣ የካልሲየምና የማግኒዥየም ክሎራይዶች፣ ሰልፌቶችና ባይካርቦኔቶች ሁሉ ይገቡበታል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ በጨው የተጠቃው መሬት 1.38 ቢሊዮን ሄክታር ገደማ፣ ማለትም ከዓለም የብስ 10.7 በመቶ ያህል ነው። በኢትዮጵያ አዘውትሮ የሚጠቀሰው አኃዝ 11 ሚሊዮን ሄክታር ነው። የጉዳቱ ዋና ምሳሌ የአዋሽ ተፋሰስ ሲሆን፣ ከሚሴና ጨፋ ሮቢት የሚገኙበት የቦርከና ሸለቆም የዚሁ ተፋሰስ ክፍል ነው።

ጨው እንዴት ይከማቻል

ጨው በመጀመሪያ ከድንጋይ መፍረስ ይመጣል። ዝናብ በበዛበት ደጋ ታጥቦ ወደ ወንዝ ይሄዳል፤ ዝናቡ ትንሽ፣ ትነቱ ብዙ በሆነበት ቆላ ግን እዚያው ይቀራል። ይህ የተፈጥሮ ጨዋማነት ነው። ሁለተኛው ዓይነት ሰው ሠራሽ ሲሆን በአብዛኛው ከመስኖ ጋር ይያያዛል።

«ጣፋጭ» የሚባለው የወንዝ ውኃም ጨው አለበት። በአንድ ሊትር 0.3 ግራም ጨው ያለው ውኃ ለመጠጥም ለመስኖም ጥሩ ነው። ነገር ግን አንድ ሄክታር ማሳ በዓመት 10,000 ሜትር ኩብ እንዲህ ያለ ውኃ ቢጠጣ 3 ቶን ጨው ይገባበታል። ውኃው በፀሐይና በቅጠል በኩል ይተናል፤ ጨው አይተንም። ሰብሉ የሚወስደውም ጥቂቱን ብቻ ስለሆነ ወደ ታች አጥቦ የሚያወጣው ነገር ከሌለ ጨው በየዓመቱ ይደራረባል።

የከፋው መንገድ ግን ከታች የሚመጣው ነው። ከቦይ የሚሰርገውና ከማሳ የሚተርፈው ውኃ የከርሰ ምድሩን ውኃ ወደ ላይ ይገፋዋል። ይህ ውኃ ከአንድ ተኩል ወይም ከሁለት ሜትር በላይ ሲጠጋ፣ ክር ጋዝን ወደ ኩራዝ አፍ እንደሚስብ ሁሉ አፈሩ ውኃውን በቀጫጭን ቀዳዳዎቹ ስቦ ወደ ገጽ ያወጣዋል። ውኃው ሲተን ነጭ ቅርፊት ይቀራል።

አሚባራና መልካ ሰዲ

በአፋር ክልል በመካከለኛው አዋሽ የሚገኙት የአሚባራና የመልካ ሰዲ እርሻዎች በአገሪቱ የታወቀው ምሳሌ ናቸው። የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ከተመረቀና የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1962 ከተቋቋመ በኋላ ሸለቆው በጥጥና በሙዝ ሰፋፊ እርሻዎች ተያዘ። ዓመታዊ ዝናቡ ከ600 ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም፤ ሊተን የሚችለው ውኃ የዚህ ብዙ እጥፍ ነው። ውኃ ማስገቢያ ቦይ በብዛት ሲቆፈር ትርፉን የሚያወጣው ማጠንፈፊያ ወደ ኋላ ቀረ። የከርሰ ምድር ውኃው በዓመታት ውስጥ ወደ ሥር ደረሰ፤ ሙዙም ጥጡም ተጎዳ፤ ብዙ መሬት ተተወ። በተተወው መሬት ላይ አፋሮች «ደርጊ ሃራ» (የደርግ ዛፍ) የሚሉት እሾሃማው ፕሮሶፒስ ገባበት። ጨውም ድርቅም ስለሚችል ከዚያ ወዲያ አልወጣም። መሬቱ ከእርሻ በፊት የአፋር ከብት አርቢ የበጋ ግጦሽ እንደ ነበር ሲታሰብ ኪሳራው ሁለት ጊዜ ነው።

በሰቃ ሐይቅ

ከመተሐራ ከተማ አጠገብ ያለው በሰቃ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት የነበረው ጨዋማ ሐይቅ ሲሆን፣ በኋላ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። ሌሎች ሐይቆች ሲደርቁ ይህኛው ማደጉ ያስገርማል። ለዚህ ከሚሰጡት ምክንያቶች ዋነኛው ከአካባቢው የመስኖ እርሻዎች የሚሰርገው ውኃ የከርሰ ምድሩን ፍሰት መጨመሩ ነው። ሐይቁ ግጦሽ ዋጠ፣ የባቡር ሐዲዱንና አውራ ጎዳናውን አሰጋ። እንዳያጥለቀልቅ ውኃው እየተለቀቀ ወደ አዋሽ ሲገባ ደግሞ የታችኛውን ተጠቃሚ ውኃ ጨዋማ ያደርጋል።

ቦርከናና ጨፋ

ቦርከና ከደሴ አካባቢ ተነሥቶ ኮምቦልቻን አልፎ፣ በጨፋ ረግረግ ውስጥ ተንሰራፍቶ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ጨፌ የሚለው ቃል በኦሮምኛም በአማርኛም ረግረጋማ የሣር መስክ ነው፤ በበጋም የኦሮሞ፣ የአፋርና የአርጎባ ከብት የሚያርፍበት ይኸው መስክ ነው።

ጨፋ አሚባራ አይደለም። ዝናቡ ይሻላል፣ ክረምቱ መስኩን ያጥባል፣ ወንዙም መውጫ አለው። ሆኖም ሜዳው ዝርግ፣ አፈሩ በብዛት ዋልካ፣ ውኃውም ለገጽ ቅርብ ነው፤ እነዚህ ሦስቱ መስኖ ያለ ማጠንፈፊያ ሲስፋፋ ጨው የሚጋብዙ ሁኔታዎች ናቸው። በላይኛው ተፋሰስ በኩል የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ፍሳሽ በለዮሌና በወርቃ ወንዞች አድርጎ ቦርከና ውስጥ ይገባል። ቆዳ በጨው ተነክሮ ስለሚቆይ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ከክሮሚየሙ ሌላ ብዙ ጨው ይዞ ይወጣል።

አዋሽ ባሕር አይደርስም። መጨረሻው በጅቡቲ ድንበር ያለው ጨዋማው አቤ ሐይቅ ነው። ስለዚህ ከደሴ ተራራም ሆነ ከፋብሪካ የወረደ ጨው አንድም አቤ ይገባል፣ አንድም በመንገድ ላይ ባለ ማሳ ይቀራል።

ምልክትና መለኪያ

በጨዋማ ማሳ ሰብሉ ውኃ ሞልቶ ሳለ ይጠማል፤ ጨው ውኃውን ይዞ ለሥሩ ስለማይለቅ ነው። ቡቃያው እዚህም እዚያም ይዘላል፣ የቅጠሉ ጫፍ ይቃጠላል፣ የቦይ ጠርዝ ይነጣል። መለኪያው የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ሲሆን፣ በውኃ ከረካ የአፈር ጭቃ የተጨመቀው ውኃ በሜትር ከ4 ዴሲሲመንስ ካለፈ አፈሩ ጨዋማ ይባላል። ሰብሎች እኩል አይችሉም፦ ገብስ እስከ 8፣ ጥጥ እስከ 7.7፣ ማሽላ እስከ 6.8 ያለ ጉዳት ሲቋቋሙ፣ በቆሎ በ1.7፣ ሽንኩርት በ1.2፣ ቦሎቄ በ1 ምርታቸው መቀነስ ይጀምራል። በመስኖ ከሚለሙት አንዱ ግን ሽንኩርት ነው!

ሶዲየም የበዛበት አፈር ሌላ ነው። ነጭ ላይሆን፣ እንዲያውም ሊጠቁር ይችላል፤ ሲረጥብ ይላቁጣል፣ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይሆናል። ደረቅ ጓል በዝናብ ውኃ ብርጭቆ ውስጥ ሳይነካ ሲቀመጥ ዙሪያው እንደ ወተት ከደፈረሰ ሶዲየም መኖሩን ያስጠረጥራል።

ለመጠጥ ደግሞ በሊትር ከ1,000 ሚሊ ግራም በላይ የሟሟ ጨው ያለበት ውኃ ጣዕሙ እየከፋ ይሄዳል። ግመል ከላም የበለጠ ጨዋማ ውኃ ትችላለች። በልኩ ከሆነ ጨው ለከብት ሀብት ነው፤ አርቢው ወደ ሆራ የሚነዳው፣ ቦሌ የሚያስልሰውም ለዚሁ ነው።

መከላከልና ማከም

ተራ ጨው በብዙ ጣፋጭ ውኃ ታጥቦ ይወርዳል፤ የሚወርድበት ማጠንፈፊያ ከሌለ ግን ማጠቡ የከርሰ ምድሩን ውኃ አሳድጎ ነገሩን ያብሳል። ሶዲየማዊ አፈር በውኃ ብቻ አይድንም፤ በቅድሚያ ጂፕሰም ይፈልጋል፣ ካልሲየሙ ሶዲየሙን ከአፈሩ ያስለቅቀዋልና። ቦይን መለሰን፣ ማሳን ማስተካከል፣ ውኃን በልክ መስጠትና እንደ ሮደስ ያለ ጨው የሚችል የመኖ ሣር መዝራት ከዚህ በጣም ይረክሳሉ። ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ የሚቀበረው የማጠንፈፊያ ቱቦ የአንድ ገበሬ አቅም አይደለም። በአዋሽ ላይ ደግሞ ከቱቦው የሚወጣው ጨዋማ ውኃ የሚመለሰው ያው ወንዝ ውስጥ ነው፤ ከታች ያለው እርሻም በዚያው ውኃ ይጠጣል።