ስለ ዐጥንት መሳሳትና ስለ ሕክምናው ምርጫ

የሳሳ ዐጥንት ሕመም ሳይሰጥ ይቆይና በጥቂት መውደቅ ይሰበራል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ግን ወገብ የሚያደርቅ ሌላ ደዌ አለና፥ መድኃኒት ከመምረጥ አስቀድሞ የሚጠጣው ውሃ ከየት እንደሚቀዳ መመርመር ይገባል። ከአዳማ አጠገብ በወንጂ የስኳር እርሻ ብዙ ሠራተኞች ፍሎራይድ የበዛበትን የጕድጓድ ውሃ ለብዙ ዓመታት በመጠጣታቸው ጥርሳቸው በልዟል፤ የጀርባ ዐጥንታቸውም ደርቆ አልታጠፍ ብሏል።

ይህንኑ ፍሎራይድ የአሜሪካ ሐኪሞች ለሳሳ ዐጥንት መድኃኒት ይሆን እንደ ሆነ የወር አበባቸው በቆመ 202 ሴቶች ላይ 4 ዓመት ፈትነውታል። በ1982 ዓ.ም. የታተመው ውጤት እንዳስረዳው የወገብ ዐጥንት እጅግ ጠጠረ፤ በሌላው አካል የደረሰው ስብራት ግን በዛ። እንግዲህ የጠጠረ ዐጥንት ሁሉ የጠነከረ አይደለም።

ውሃን ማፍላት ፍሎራይድን አያስወግድም። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ስለዚህ በቅድሚያ ውሃውን ማስመርመርና መለወጥ ነው። ከዚያም ምርመራው የዐጥንት መሳሳት መሆኑን ካረጋገጠና ሐኪሙ አሌንድሮኔት ካዘዘ፥ ጧት በባዶ ሆድ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ውጦ ግማሽ ሰዓት ሳይተኙና ሳይበሉ መቆየት ያስፈልጋል። ኵላሊቱን ወይም ጕሮሮውን የሚያመው ሰው ይህን ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር።