«ፋይሉ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃልን?

ፕሮግራም መጻፍ የጀመረ ተማሪ መረጃን ከፋይል ጋር ማገናኘት ሲማር ብዙውን ጊዜ አንድ አሠራር ጥንቃቄ የተሞላበት ሆኖ ይታየዋል፤ ይኸውም መጀመሪያ ፋይሉ መኖሩን መጠየቅ፣ መልሱ «አለ» ከሆነ መክፈት፣ «የለም» ከሆነ ደግሞ አዲስ መፍጠር ነው። የቤተ ሙከራ ውጤቶችን የሚመዘግቡ ፕሮግራሞችን ስናርም ይህን አጻጻፍ ደጋግመን እናገኘዋለን። ትክክል ይመስላል። ሆኖም በጥያቄውና በመክፈቱ መካከል አንድ ነገር ተዘንግቷል፤ እርሱም ጊዜ ነው።

ፀሐይን ስንመለከት የምናየው ከ8 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ያህል በፊት የነበረችውን ፀሐይ ነው። ኮምፒዩተሩም «ፋይሉ አለ» ብሎ ሲመልስ የሚነግረን በተጠየቀበት ቅጽበት የነበረውን ሁኔታ ብቻ ነው። ቀጣዩ ትእዛዝ እስኪፈጸም ጥቂት ማይክሮሴኮንዶች ያልፋሉ እንበል። ለእኛ ይህ ከምንም አይቆጠርም፤ ዳሩ ግን በሴኮንድ 3 ቢሊዮን ጊዜ ለሚመታ ፕሮሰሰር 1 ማይክሮሴኮንድ ማለት 3000 ምት ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በዚያው መካከል የእኛን ፕሮግራም አቁሞ ተራውን ለሌላ ቢሰጥ ክፍተቱ ይበልጥ ይሰፋል። በዚህ ጊዜ ሌላ ፕሮግራም ፋይሉን ሊያጠፋው ወይም ስሙን ሊለውጠው፣ አጠገባችን የተቀመጠ ሰውም ፍላሽ ዲስኩን ሊነቅለው ይችላል።

ፋይሉ ለማንበብ ሲፈለግ ቢጠፋ ፕሮግራሙ ይቆማል፤ ጉዳቱ ቢያንስ በግልጽ ይታያል። የከፋው በመጻፍ ጊዜ የሚደርሰው ነው። ሁለት የመለኪያ ፕሮግራሞች «ውጤት» የተባለውን ፋይል በአንድ ጊዜ ይፈልጋሉ። ሁለቱም «የለም» የሚል መልስ ያገኛሉ፤ ሁለቱም ሊፈጥሩት ይነሣሉ። ዘግይቶ የከፈተው፣ የመጀመሪያው እስከዚያ የጻፈውን ይደመስሰዋል። ከዚያም በኋላ አንዱ በሌላው ላይ እየደረበ ይጽፋል። ሌሊቱን ሙሉ የተሰበሰበ መረጃ እንዲህ ሲበላሽ አንድም የስሕተት መልእክት አይወጣም።

ክፍተቱን ሆን ብለው የሚጠቀሙበትም አሉ። በዩኒክስ በአስተዳዳሪው ሥልጣን የሚሠራ ፕሮግራም አለ እንበል። ፕሮግራሙ «ይህ ተጠቃሚ ይህን ፋይል መጻፍ ይፈቀድለታልን?» ብሎ «አክሰስ» በተባለው ጥሪ ይጠይቃል፤ ከዚያም በራሱ ሥልጣን ይከፍተዋል። ተንኮለኛው ተጠቃሚ በመካከሉ ያንኑ ስም ወደ ይለፍ ቃል ፋይል በሚያመራ ማያያዣ ይተካዋል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የነበሩት ማት ቢሾፕና ማይክል ዲልገር እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጥናት ይህን ዓይነት ጉድለት ከፕሮግራም ጽሑፎች ውስጥ ለይቶ የማውጣትን ጉዳይ መርምረዋል።

ነገሩ የሚገባን ስምና ፋይል አንድ አለመሆናቸውን ስንረዳ ነው። በዩኒክስ ማኅደር ማለት ስሞችን ከቁጥሮች ጋር የሚያያይዝ መዝገብ ነው፤ ፋይሉ ራሱ የሚታወቀው በቁጥሩ ነው። ስለ መኖሩ ስንጠይቅ የምንጠይቀው ስለ ስሙ ነው፤ ስሙ ደግሞ ነገ ሌላ ፋይል ሊያመለክት ይችላል። አንድ ጊዜ ከከፈትነው በኋላ ግን የያዝነው ፋይሉን ነው። ሌላ ሰው ስሙን ከመዝገቡ ቢሰርዘው እንኳ እስክንዘጋው ድረስ ይዘቱ አይጠፋብንም።

ስለዚህ የተሻለው መንገድ ሳይጠይቁ መክፈትና መክፈቱ ካልተሳካ ምክንያቱን ማስተናገድ ነው። አዲስ ፋይል ሲፈለግ «ከሌለ ብቻ ፍጠር፤ ካለ እምቢ በል» የሚል አንድ ትእዛዝ አለ። በሲ ቋንቋ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2011፣ በፓይተን 3.3 ደግሞ በ2012 «ኤክስ» በተባለች ፊደል ገብቷል። ጥያቄውና ፍጥረቱ ሳይነጣጠሉ ስለሚፈጸሙ ባለሙያዎቹ «አቶሚክ» ይሉታል። ቃሉ በግሪክኛ የማይከፈል ማለት ነው፤ የፊዚክስ ሰዎች አቶምን ከከፈሉ የቆዩ ቢሆንም፣ በዚህ ስፍራ ስያሜው ትርጉሙን እንደ ጠበቀ ነው።

ሌላም ጥቅም አለው። የፓይተኑ «ኤግዚስትስ» ማኅደሩን የመመልከት ፈቃድ ሲጐድለን ፋይሉ እያለ «የለም» ብሎ ሊመልስ ይችላል። የመክፈት ሙከራ ግን «አልተገኘም» እና «አልተፈቀደም» የሚሉትን ለይቶ ይነግረናል።

አስቀድሞ መጠየቅ ፈጽሞ ከንቱ ነው አንልም። ሦስት ቀን የሚፈጅ ስሌት ከመጀመራችን በፊት በሦስተኛው ቀን የሚነበበው ፋይል በቦታው መኖሩን ማየት ተገቢ ነው። በሦስተኛው ቀን ግን ፕሮግራሙ ፋይሉን ሊያጣው እንደሚችል ታስቦ መጻፍ ይኖርበታል።